ስማቸውን በመዳብ ያስያዙ ነጋዴዎች

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ነጋዴዎች ቶክን ላይ የተደረገ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ በቅድሚያ ሁለት ነጋዴዎችን ላስተዋውቃችሁ። አንደኛው ኦሊቨር ቦትዌል ይባላል፤ በኒው ዮርክ ግዛት፣ በትሮይ ከተማ ባለ ወፍጮ ነበር። ሁለተኛው ጉስታቩስ ሊንደንሙለር ነው፤ በኒው ዮርክ ከተማ መጠጥ ቤት ነበረው። ሁለቱም በ1863፣ አሜሪካ በእርስ በርስ ጦርነት መካከል ሳለች፣ እንደ ባለ አንድ ሳንቲም እጅ በእጅ የሚዘዋወር ትንሽ ክብ መዳብ በየስማቸው አስመቱ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።) ቦትዌል ከስሙና ከሙያው ጋር «ቢሮዬ ውስጥ ይመነዘራል» የሚል ቃል አስቀረጸ። ሊንደንሙለር ደግሞ በአንዱ ገጽ ጢማም ፊቱን፣ በሌላው ገጽ አረፋው የሞላ የቢራ ኩባያ አስወጣ፤ ስለ ምንዛሪ ግን አንዲት ቃል አላሰፈረም።

የሊንደንሙለር መዳብ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሰራጭቷል ይባላል። የኒው ዮርክ ሰው ቢራ ጠጣበት፣ ዕቃ ገዛበት፣ በፈረስ የሚጎተተውን የሦስተኛው ጎዳና ባቡር ተሳፈረበት። ሲነገር በቆየው ታሪክ መሠረት፣ የባቡሩ ኩባንያ ከተሳፋሪ የሰበሰበውን ክምር ይዞ ሄዶ «በእውነተኛ ገንዘብ ቀይርልን» ቢለው ሊንደንሙለር አሻፈረኝ አለ። ኩባንያው ገንዘቡን የሚያስመልስበት መንገድ አላገኘም፤ ኪሳራውን ችሎ ተመለሰ።

ዛሬ የሁለቱም መዳቦች በሰብሳቢዎች ገበያ ይፈለጋሉ። ሰብሳቢዎች ቶክን ይሏቸዋል፤ መንግሥት ያላተማቸው፣ ነጋዴው በራሱ ስም ያወጣቸው፣ ገንዘብን ተክተው የሠሩ ወይም የንግድ ቤቱን ያስተዋወቁ ቁርጥራጮች ናቸው። በዚህ ንግግር የማሳስባችሁ አንድ ነገር ነው። ቶክን ስታነሱ በመጀመሪያ ብርቅ መሆኑን ወይም ማብረቅረቁን አትመልከቱ። መያዣው ስም ነውና፣ ያንን ስም ያስያዘው ሰው ማን እንደነበረ ጠይቁ።

ነገሩ የመጣው ከዝርዝር ገንዘብ እጦት ነው። በ1861 መጨረሻ የኒው ዮርክ ባንኮች በወርቅ መክፈል አቆሙ። በፌብሩዋሪ 1862 ኮንግረስ በወርቅ የማይመነዘር፣ ጀርባው አረንጓዴ የሆነ የወረቀት ገንዘብ እንዲወጣ ፈቀደ። የወረቀቱ ዋጋ እየወረደ ሲሄድ፣ የብር ሳንቲም በእጁ ያለ ሰው በወረቀት ዋጋ አሳልፎ መስጠቱ ኪሳራ ሆነበት። ስለዚህ ብሩ ከፊሉ በየሣጥኑ ተቆለፈበት፣ ከፊሉም ወደ ካናዳ ተሻገረ። በጁላይ 1862 በምሥራቁ ከተሞች የብር ሳንቲም ከገበያ ጠፋ ማለት ይቻላል። ቀጥሎ ከመዳብና ከኒኬል የተሠራው ባለ አንድ ሳንቲም እንኳ መደበቅ ጀመረ። ዳቦ ሻጩ ዳቦ አለው፣ ገዢው ወረቀት አለው፤ መልስ ግን የለም።

በዚያው ክፍለ ዘመን በሀገራችን ትልቁ ግብይት በጠገራ ብር፣ ትንሹ በአሞሌ ጨው ይካሄድ ነበር። ጠገራው ለትንሽ ዕቃ የማይሆን ትልቅ ገንዘብ ስለነበረ፣ ጨዉ ዝርዝር ሆኖ አገለገለ። መንግሥት ያላተመው ነገር የዝርዝርን ቦታ ሲይዝ ለእኛ እንግዳ ታሪክ አይደለም።

አሜሪካውያን መጀመሪያ የያዙት የፖስታ ቴምብርን ነበር። ጁላይ 17 ቀን 1862 የወጣው ሕግ ቴምብር ለመንግሥት በሚደረግ ትንንሽ ክፍያ እንዲያገለግል ፈቀደ። ነገር ግን ጀርባው ሙጫ የሆነ ወረቀት በላብ እጅና በኪስ ውስጥ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያቅትም፤ ይጣበቃል፣ ይቀደዳል፣ ይቆሽሻል። ጆን ጎልት የተባለ ሰው መፍትሔ አመጣ። ቴምብሩን በክብ የናስ ማቀፊያ ውስጥ አስገብቶ፣ ፊቱን ሚካ በሚባል ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ማዕድን ሸፈነው፤ ለዚህም በኦገስት 12 ቀን 1862 የፈጠራ መብት ተሰጠው። ሥራውን የሠራው በኮኔቲከት፣ በዋተርበሪ ከተማ የነበረው የስኮቪል ፋብሪካ ነው። የናሱ ጀርባ ባዶ ስለነበረ ለነጋዴ ማስታወቂያ ተሸጠ፤ መድኃኒት ሻጩ አየርም ሎርድና ቴይለር የተባለው ሱቅም ስማቸውን አሳተሙበት። እነዚህ ዛሬ ከሰብሳቢ እጅ እምብዛም የማይወጡ ውድ ነገሮች ሆነዋል። በዚያን ጊዜ ግን ከቴምብሩ ዋጋ በላይ የማቀፊያውም ወጪ ስለነበረ፣ የሀገርን የዝርዝር ጥማት ሊያረኩ አልቻሉም።

ጥማቱን ያረካው መዳብ ነው። በ1862 መጸው ላይ በሲንሲናቲ፣ ከዚያም በኒው ዮርክና በሌሎች ከተሞች፣ ነጋዴዎች 19 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ያላቸውን፣ የመንግሥቱን ባለ አንድ ሳንቲም የሚያክሉ ቶክኖች ማስመታት ጀመሩ። ያው የጁላይ 17 ሕግ ከአንድ ዶላር በታች የሆነ የግል ወረቀትም ሆነ ቶክን እንደ ገንዘብ እንዳይወጣ ይከለክል ነበር። ሆኖም ሕጉ ለባለ ሱቁ ዝርዝር አላመጣለትም፤ ገበያውም እየተላለፈው ቀጠለ። እስከ 1864 ድረስ 25 ሚሊዮን ያህል ቶክን እንደወጣ ይገመታል። ሰብሳቢዎች እስካሁን የመዘገቡት ዓይነትም ከ10,000 በላይ ነው።

የ1860ዎቹ ነጋዴዎች ይህን መላ ከአባቶቻቸው ነው የወረሱት። ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን በ1832 የሁለተኛውን የአሜሪካ ባንክ ፈቃድ እድሳት ውድቅ አደረጉ። በጁላይ 1836 ደግሞ የመንግሥት መሬት የሚሸጠው በወርቅና በብር ብቻ እንዲሆን አዘዙ። ወርቅና ብሩ ከባንኮች ወጥቶ ወደ ምዕራብ ፈሰሰ። ሜይ 10 ቀን 1837 የኒው ዮርክ ባንኮች በሳንቲም መክፈል ሲያቆሙ ሀገሪቱ ወደ ከባድ ድቀት ገባች። የዚያ ዘመን ቶክኖች «የክፉ ቀን ቶክኖች» ይባላሉ። እንደ ያኔው ትልቅ የመዳብ ሳንቲም ሰፋፊ ናቸው። ብዙዎቹ ከገንዘብ አስመሳይነት ክስ ለመዳን «አንድ ሳንቲም አይደለም» የሚል ተጽፎባቸዋል። «አይደለም» የሚለው ከሩቅ እንዳይታይ፣ «አንድ ሳንቲም» የሚለው ግን ጎልቶ እንዲነበብ ተደርጎ የተቀረጸባቸውን ስታዩ፣ ነጋዴው በሕግና በገበያ መካከል እንዴት ተጠንቅቆ ይራመድ እንደነበር ይገባችኋል።

ከዚያ ዘመን ሰዎች እኔ አብልጬ የምወደው ዶክተር ሉዊስ ፎይክትቫንገርን ነው። ከጀርመን የመጣ የኬሚስትሪ ሰው ሲሆን በኒው ዮርክ መድኃኒትና ማዕድን ይሸጥ ነበር። መዳብን፣ ኒኬልንና ዚንክን ቀላቅሎ ብር የሚመስል ብረት ሠራ፤ ብር ግን አልነበረበትም። በ1837 ለኮንግረስ አመልክቶ፣ የሀገሪቱ ባለ አንድ ሳንቲም ከዚህ ብረት ይሠራ አለ። ትልቁ የመዳብ ሳንቲም ከባድና ቆሻሻ ነው፣ የእኔ ትንሽና ንጹህ ነው ሲል ተከራከረ። ሐሳቡን ለማሳየት ንስር እባብን ሲታገል የሚያሳይ ናሙና መትቶ በገበያ አሰራጨ። የመንግሥቱ የሳንቲም ማምረቻ ኃላፊ ተቃወሙት፣ ኮንግረስም አልተቀበለውም። ሃያ ዓመት አለፈ። በ1857 ያው መንግሥት ትልቁን የመዳብ ሳንቲም አስቀርቶ፣ ትንሽና ኒኬል ያለበት ባለ አንድ ሳንቲም ማውጣት ጀመረ። የፎይክትቫንገር መዳፍ ላይ የምትጠፋ ትንሽ ሳንቲም ከክፉ ቀን ቶክኖች ሁሉ በጣም ከታወቁት አንዷ ናት፤ ዛሬም በመጠነኛ ዋጋ ትገኛለች። ጀማሪ ሰብሳቢ አንድ ብቻ ግዛ ብትሉኝ እሷን ነው የምለው።

በዚያው ዘመን ከንግድ ውጭ የሆኑም አሉ። ጃክሰንን የሚተቹት ሣጥን የተሸከመች ኤሊና ግትር አህያ ቀረጹ። በ1838 በኒው ጀርሲ፣ በቤልቪል የተመታው ደግሞ በሰንሰለት የታሰረች፣ ተንበርክካ እጆቿን ያነሳች ጥቁር ሴት ይታይበታል። ዙሪያውን «እኔስ ሴትና እህት አይደለሁምን?» ይላል፤ በሌላው ገጽ «ነጻነት» የሚለው ቃልና የሀገሪቱ ስም አሉ። ባርነትን የሚቃወሙ ሰዎች ያሰራጩት ነው። ባሪያ አሳዳሪ በሆነች ሀገር ይህ መዳብ ከዳቦ መልስ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም ነበር፤ ኃይሉም እዚያ ላይ ነው። የነጋዴ ቶክን ባይሆንም ከስብስቤ ላለየው አልፈልግም።

አሁን ወደ አሠራሩ ልመለስ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚጥመኝ ይህ ክፍል ነው። በሚቺጋን ወይም በኢንዲያና ገጠር ያለ ባለ ሱቅ መዳብ መምታት አይችልም። ስለዚህ በሲንሲናቲ ላሉት እንደ ዊልያም ላንፊርና ጆን ስታንተን ላሉ ማህተም ቀራጮች ያዝዛል። ቀራጩ የባለ ሱቁን ስም፣ ሙያና ከተማ በአንድ የብረት ማህተም ላይ በግልባጭ ይቀርጻል። ለሌላኛው ገጽ ግን አዲስ ማህተም አያወጣም፤ የመንግሥቱን ሳንቲም የሚመስል የአሜሪካ ነባር ሕዝብ (ቀይ ህንድ) ራስ፣ ወይም ንስር፣ ወይም ባንዲራ ያለበት የተዘጋጀ ማህተም አለው፤ ለሁሉም ደንበኛ የሚያገለግለው ያው ነው። ለነጋዴው የአንዱ ዋጋ ከአንድ ሳንቲም በታች ነው፤ ሲያወጣው ግን በአንድ ሳንቲም ያወጣዋል፤ ትርፉ እዚያው ነው።

በዚህ ምክንያት እርስ በርስ የማይተዋወቁ የሥጋ ሻጭና የጫማ ሠሪ ቶክኖች ጀርባቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ይገኛል። ማህተሙ በሥራ ብዛት ሲሰነጠቅ ስንጥቁ በመዳቡ ላይ እንደ ቀጭን ክር ይወጣል፤ በየምቱም ይረዝማል። ስንጥቅ የሌለበትን፣ አጭር ስንጥቅ ያለበትንና ስንጥቁ ከዳር ዳር የደረሰበትን ጎን ለጎን ብታስቀምጡ፣ የትኛው ነጋዴ ትእዛዝ መጀመሪያ፣ የትኛው መጨረሻ እንደተሠራ ታውቃላችሁ። ቀን ያልተጻፈበት ነገር በገዛ ቁስሉ ቀኑን ይናገራል። አጉሊ መነጽርና ትዕግሥት ካላችሁ፣ ምንም ደብተር ያልተወ የሲንሲናቲ ወርክሾፕን የሥራ ቅደም ተከተል መልሳችሁ ልትጽፉ ትችላላችሁ።

በእጅና በግልባጭ መቅረጽ ስህተትም ያመጣል። በጃንዋሪ 1861 የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ጆን ዲክስ የአሜሪካን ባንዲራ ለማውረድ የሚሞክረውን «እዚያው በቦታው ተኩሳችሁ ግደሉት» ብለው ወደ ኒው ኦርሊንስ ያስተላለፉት ትእዛዝ በብዙ ቶክን ላይ ተቀርጿል። አንዱ ቀራጭ በእንግሊዝኛው «ቦታ» በሚለው ቃል ውስጥ «ኦ»ን ደግሞ ቀረጻት። መዳቡ እንደዚያው ተመትቶ ወጣ፤ ዛሬ ሰብሳቢ ሁሉ የሚያውቀው ቶክን ሆኗል።

ስለ መዝገቦቹ ባጭሩ ልናገር። የክፉ ቀን ቶክኖችን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በተራ ቁጥር ያስቀመጣቸው ላይማን ሎው ነው። የእርስ በርስ ጦርነቱን ቶክኖች የመዘገቡት ጆርጅና ሜልቪን ፉልድ ናቸው። በነሱ አሠራር እያንዳንዱ የነጋዴ ቶክን የግዛት ምልክት፣ የከተማ ቁጥርና የነጋዴ ፊደል አለው። የብርቅነት መለኪያቸው ከ1 እስከ 10 ይደርሳል፤ 1 ማለት ከ5,000 በላይ የሚገኝ፣ 10 ማለት ደግሞ በዓለም ላይ አንድ ብቻ የታወቀለት ነው። በ1967 የተቋቋመው የእርስ በርስ ጦርነት ቶክን ማኅበር ይህን ሥራ እስከ ዛሬ ያካሂዳል።

በዚህ መለኪያ ላይ ግን ጠንካራ አስተያየት አለኝ። ማህተም ቀራጮቹ በዚያን ጊዜም የሰብሳቢዎችን ምኞት ያውቁ ነበር። ትልቁ የመዳብ ሳንቲም በ1857 ሲቀር አሜሪካውያን ሳንቲም መሰብሰብን ወደዱ። ቀራጮቹም ያንኑ ማህተም በብር፣ በኒኬል ቅልቅልና በነጭ ብረት እየመቱ፣ የማይገናኙ ማህተሞችንም እያጋጠሙ ለሰብሳቢዎች ሸጡ። ስለዚህ ብዙው 9 እና 10 ቁጥር የተሰጠው ቶክን ዳቦ ገዝቶ አያውቅም፤ ከማተሚያው በቀጥታ ወደ መሳቢያ ነው የገባው። በኒው ዮርክ 41ኛ መንገድ ላይ ፓይ ይጋግሩ የነበሩት የብሮዋስ ቤት ሰዎች ያወጡት ተራ ቶክን፣ ፊደሉ በእጅ ብዛት የተበላው፣ ከነዚያ ሁሉ ይበልጥብኛል። እጅ በእጅ እየተባለ የሠራ ነውና።

ደግሞም ሁሉም ቶክን የመተማመን ታሪክ አይደለም። ጦሩን እየተከተሉ ለወታደር ትምባሆና ብስኩት የሚሸጡ ነጋዴዎች ነበሩ። እነሱም የክፍለ ጦሩ ስም ያለበት የ5፣ የ10፣ የ25 እና የ50 ሳንቲም ቶክን ያወጡ ነበር። ወታደሩ ደመወዙ ሲዘገይ በዱቤ ይወስደዋል፤ የሚሠራለት ግን እዚያው ሻጭ ድንኳን ውስጥ ብቻ ነው፤ ዋጋውን የሚቆርጠውም ያው ሻጭ ነው። በኋላም በከሰል ማዕድን ማውጫዎች ኩባንያዎች ለሠራተኛ በራሳቸው ሱቅ ብቻ የሚሠራ ቶክን እየሰጡ ያንኑ ሰንሰለት አጠበቁ። እነዚህን ስሰበስብ ልቤ አይደሰትም፤ ግን መሰብሰብ አለባቸው። ወታደሩና ከሰል ቆፋሪው የተከፈላቸው በምን እንደነበር የሚመሰክር ዕቃ ነው።

በኤፕሪል 1864 መንግሥት ነቃ። ባለ አንድ ሳንቲሙ ቀጭን ነሐስ እንዲሆን ተወሰነ፤ ክብደቱም ከ4.67 ግራም ወደ 3.11 ግራም ወረደ። ባለ ሁለት ሳንቲምም ተጨመረ። ይኸው ሕግ የግል ባለ አንድና ባለ ሁለት ሳንቲም ማውጣትን በቅጣት ከለከለ፤ በጁን የወጣው ሁለተኛ ሕግ ክልከላውን በማንኛውም የግል ሳንቲም ላይ አሰፋው። ሕዝቡ ቀጭን ነሐስን በደስታ እንደሚቀበል ለመንግሥት ያረጋገጡለት እነዚያው የተከለከሉት ቶክኖች ናቸው። ባለ ሱቆቹ የከፈቱትን መንገድ መንግሥት ተራመደበት።

ከዚያ በኋላ ነጋዴው ገንዘብ የሚመስል ነገር ማውጣት አልቻለም። ስለዚህ «ለአንድ ዳቦ»፣ «ለአንድ ሲጋራ»፣ «ለ5 ሳንቲም ዕቃ» የሚሉ ቶክኖች በዙ፤ በ1890ዎቹ አሉሚኒየም ሲረክስ ደግሞ ከዚያም መሠራት ጀመሩ። ከነዚህ ብዙዎቹ የመጠጥ ቤቱን ስም ብቻ ይዘው ከተማውን አይጠቅሱም። «ፓላስ መጠጥ ቤት» የሚል ስም በመላው አሜሪካ በየከተማው ነበር። እንዲህ ያለውን ቤት የሌለው ቶክን ወደ ከተማው መመለስ የሰብሳቢ ትልቁ ሥራ ነው እላለሁ። መንገዱም አለ። የቢሊያርድ ጠረጴዛ ሠሪው ብረንስዊክ፣ ባልክና ኮሌንደር ለደንበኞቹ መጠጥ ቤቶች ቶክን ይሰጥ ነበር። ሦስቱ ስሞች አብረው ከተጻፉ፣ ኩባንያዎቹ በ1884 ስለተዋሃዱ፣ ቶክኑ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። ከዚያ የየከተማውን የነጋዴ ማውጫ፣ የሕዝብ ቆጠራ መዝገብንና የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በነጻ የከፈታቸውን የድሮ ጋዜጦች ማገላበጥ ነው። አበው «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ያሉት እዚህ ቃል በቃል ይሠራል፤ ሐውልት የሌለው ዳቦ ጋጋሪ ናስ ላይ ቀርቷል።

ከንግግሩ በኋላ ከታዳሚዎች ብዙ ጥያቄ ተነስቷል። ሁለቱን እዚህ ላስፍር።

አንዲት እናት፣ ያገኙትን የቆሸሸ መዳብ በሎሚ ማጽዳት ይቻል እንደሆነ ጠየቁ። እማማ፣ እባክዎ አያድርጉት። ሎሚም፣ ሳሙናም፣ የብረት ማጽጃም መዳቡን ያበራዋል፤ ግን ለ160 ዓመታት የለበሰውን ቡናማ ቆዳ ይገፈዋል፤ ያ ቆዳ ደግሞ አይመለስም። በጠርዙ ይያዙት፤ በደረቅ ቦታ ያኑሩት። ለስላሳ የፕላስቲክ ኪስ ውስጥም አያስቀምጡት፤ ብዙዎቹ መዳቡን አረንጓዴ የሚያደርግ ኬሚካል አላቸው።

አንድ ወጣት ደግሞ በትንሽ ገንዘብ ከየት ልጀምር አለኝ። አንድ ከተማ ምረጥ፤ የምትኖርበት ወይም አቅራቢያህ ያለው ቢሆን ይሻላል፤ ወደ ቤተ መዛግብቱ በእግርህ መሄድ ትችላለህና። ከደቡብ ግዛቶች የጦርነቱ ዘመን ቶክን እጅግ ጥቂት ነው፤ ኦሃዮ፣ ኒው ዮርክ፣ ሚቺጋንና ዊስከንሲን ግን ሞልተዋል። ተራውን ቶክን በጥቂት አስር ዶላሮች ታገኘዋለህ። ከመግዛትህ በፊት አዲስ የተቀዳ እንዳይሆን ተጠንቀቅ፤ ከ1973 ወዲህ ቅጂ የሚሠራ ሰው «ቅጂ» ብሎ እንዲጽፍበት ሕግ ያስገድደዋል፤ የማይጽፍ ግን አይጠፋም። ስትገዛም ከማን፣ የት፣ በስንት እንደገዛህ፣ ሻጩስ ከየት አገኘሁት እንዳለህ በዚያው ቀን ጽፈህ ከቶክኑ ጋር አስቀምጥ።